ግራሶ የጠጣ ዮዮ

ሰው የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በመጠጥ ይጠፋል፣ አንዱ በሴት፣ አንዱ በርስት ክርክር። የእነሱ ጥፋት ቢያንስ ሲነገር ያምራል፤ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ «አይ የሰው ነገር!» ይላል። እኔ ግን ትዳሬንም ነፃነቴንም ላጣ የነበረው በሁለት ክብ እንጨትና በአንድ ክንድ ተኩል ክር ነው። ዮዮ ማለቴ ነው። አዎ፣ ያ ልጆች የሚጫወቱበት። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ግን ጉልበቱን ይቆጥብ፤ ገና መጀመሬ ነው።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔ መነኩሴ አልነበርኩም፤ ትራክተር ነጂ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ፣ አገሩ መተማ ዮሐንስ። ትራክተሬ ጥር ላይ አንድ ነገሯ ተሰብሮ ቆመች። መለዋወጫው «ከጎንደር ይመጣል» ተባለ። ጎንደር ሲጠየቅ «ከአዲስ አበባ ይመጣል» አለ። አዲስ አበባ ሲጠየቅ «ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር በመርከብ እየመጣ ነው» አለ። እኔም መተማ ላይ፣ ወንዙ እንኳ በደረቀበት አገር፣ ቁጭ ብዬ መርከብ ስጠብቅ ሚያዝያ ገባ።

የመተማን ሚያዝያ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብል ይበቃዋል፤ ጥላው ራሱ ጥላ ይፈልጋል። በዚያ ዓመት ደግሞ የከተማው ጉድጓድ ከውሃ ይልቅ ጭቃ ማውጣት ጀመረ። ውሃ በአህያ ተጭኖ ከሩቅ ይመጣል፤ ሲመጣም አህያው ግማሹን ጠጥቶት ነው የሚመስለው። ሰው ፊቱን የሚታጠበው ለበዓል ብቻ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መሃል እኔ ላገባ ነበር። ማለቴ፣ ማግባት ፈልጌ ነበር፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ልጅቱ እናኑ ትባላለች። አባቷ አቶ ደምሌ ማሽላና ሰሊጥ ሲያርሱ የኖሩ፣ ግቢያቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ግን ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ለዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌ ልልክ ተዘጋጅቻለሁ። ሽማግሌዎቼም ባለሱቁ ሸኽ ኢድሪስና ጉድጓድ ቆፋሪው ባሻ ወርቅነህ ናቸው። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሰው መምሰል። ይኼ ደግሞ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል አይደለም።

አንድ ቀን ሸኽ ኢድሪስ ሱቅ ገባሁ። የሸኽ ሱቅ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የተሻገረ ነገር ሁሉ የሚንጠለጠልበት ነው፤ ሽቶው፣ ጀላቢያው፣ የሻይ ብርጭቆው። ከጀላቢያዎቹ መሃል አንዲት ቀይ ነገር በክር ተንጠልጥላ አየሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ዮዮ ነበረኝ፤ አስተማሪዬ ቀማኝና «ዓመቱ ሲያልቅ ትወስዳለህ» አለኝ። ዓመቱ አለቀ፤ የንጉሡም ዘመን አለቀ፤ ዮዮዬ ግን አልተመለሰልኝም። ይኸው ስንት ዘመን ቆይቶ፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ ድንበር ተሻግሮ መጣልኝ።

«ሸኽ፣ ያችን ያውርዱልኝ እስቲ። ለእህቴ ልጅ ነው» አልኩ።

«ያ ዞል» አሉኝ፣ ሱዳን «አንተ ሰው» ለማለት እንደሚሉት፤ «አንተ እህት የለህም።»

«ልትወለድ ነው» አልኩ።

ሸኽ ኢድሪስ ነጋዴ ናቸው፤ ላልተወለደች እህት ልጅም ቢሆን ይሸጣሉ። ጠቅልለው ሰጡኝ።

ዮዮ አይቶ ለማያውቅ ላስረዳ። ሁለት ክብ እንጨቶች በመሃላቸው ባለች አጭር ወገብ ተጋብተው ይኖራሉ። ወገቧ ላይ ክር ይጠመጠማል፤ የክሩ ጫፍ ጣት ላይ ይገባል። ሲለቁት ይወርዳል፤ ጎተት ሲያደርጉት ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ስለቀው ግን ወረደና ቀረ። እንደገና ስለቀው ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ወደ ጥርሴ ነው። ሻይ ቤት ብርጭቆ ሰበርኩበት። አንድ የማላውቀው መንገደኛ ጉልበቱን መታሁበትና ይቅርታ ስጠይቅ ግንባሩን ደገምኩት። ጣቴ ክር ታስሮበት ወይን ጠጅ መሰለ። ግን አልተውኩም፤ ሰው የሚሠራው ሲያጣ እንዴት ያለ ትጉህ እንደሚሆን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

አንዳንዴ ዮዮው ይወርድና መውጣቱን ረስቶ ክሩ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እኛ ዮዮ ተጫዋቾች ይኼን «ተኛ» እንላለን። «እኛ» ስል በመተማ ምድር እኔ ብቻ ነኝ።

እናኑ ጀሪካን ይዛ ስታልፍ ጥላ ሥር አገኘችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዮዮ።»

«ምን ይሠራል?»

«ይወርዳል፤ ይወጣል።»

«ከዚያስ?»

አሰብኩ። «ከዚያ ደግሞ ይወርዳል።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አባቴ ይኼን እንዳያይ» አለችና ጀሪካኗን ይዛ ሄደች። ምክር ነበር፤ ሰሚ ቢኖር።

ባሻ ወርቅነህ የመተማን ጉድጓድ ሁሉ የቆፈሩ ሰው ናቸው፤ የውሃውንም፣ የመጸዳጃውንም፣ የእህሉንም። በእኛ ቆላ ማሽላ ጎተራ ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ ደረቅ መሬት ተቆፍሮ፣ ገለባ ተነጥፎ፣ ይቀበራል። ለዚያ እጃቸው የተመሰገነ ነው። የውሃ ነገር ግን በዚያ ዓመት እምቢ ብሏቸው በሀፍረት አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚሄዱት።

እሳቸው ናቸው በደረቀው ወንዝ ዳር ያገኙኝ። እዚያ የሚያየኝ ሰው ስለሌለ እጄ ይፍታታል፤ ዮዮውም ደኅና አድርጎ ይተኛልኛል። ባሻ ቆመው ብዙ አዩኝ።

«አሁን ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ተኛ።»

«ሌላ ቦታም ይተኛል?»

«የለም፤ አንዳንድ ቦታ ይተኛል፣ አንዳንድ ቦታ ይመለሳል።»

«እዚህስ?»

«እዚህማ ሁልጊዜ ነው የሚተኛ።»

ባሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በወጣትነቴ ሱዳን ውስጥ ባላ እንጨት ይዞ ውሃ የሚያይ ሰው አውቅ ነበር። ይኼ ግን ከባላ ይልቃል። የት ተማርኸው?»

«ጎንደር» አልኩ። እውነቴን ነው፤ አምስተኛ ክፍል።

ምን እንደገባቸው የገባኝ ዶማቸውን ሲያነሡ ነው። እዚያው ቆፈሩ። ጉልበታቸው ድረስ እንደገቡ እርጥብ አሸዋ ወጣ። አንባቢ ሆይ፣ የደረቀ ወንዝ ተቆፍሮ እርጥብ አሸዋ መውጣቱ ተአምር አይደለም፤ ዝንጀሮ እንኳ ቆፍሮ ይጠጣል። ባሻ ግን አሸዋውን በመዳፋቸው ይዘው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በዚያ እንባ ፊት «መጫወቻ ነው» ማለት አቃተኝ። ደግሞም፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ትልቅ ሰው በአክብሮት ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወሬው በማግስቱ ገበያውን አዳረሰ። ትራክተር ነጂው የውሃ መሣሪያ አለው ተባለ። አንዳንዱም አክሎበት መሬት ውስጥ የተቀበረውን ሁሉ ያሳያል አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣና «ቀበሌ ከነመሣሪያህ ትፈለጋለህ» አለኝ። በሸኽ ኢድሪስ ሱቅ በኩል ስናልፍ ሸኽ ብቅ አሉና በሹክሹክታ፣ «ወላሂ! ከእኔ ገዛሁ ካልህ ሽማግሌነቱ ኸላስ፣ አልቋል!» አሉኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር የእኔ እኩያ ነው፤ ወንበሩ ግን ትልቅ ነበር። ዮዮውን ተቀብሎ መጀመሪያ ጆሮው ላይ አደረገው። የጠላት ሬዲዮ መሆኑን እየሞከረ ነው።

«ምንም አይናገርም» አለ። ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፤ «እውነቱን ልናገር። ይኼ የልጆች መጫወቻ ነው።»

ፈገግ አለ። «በፊውዳሉ ሥርዓት መጫወቻ ነበር። ከእንግዲህ ግን ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት ይውላል።»

ከዚያ ጉዳዩን አስረዳኝ። ከጎንደር ጓዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ፤ ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ማዋላችንን ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቅዳሜ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፤ እኔ ከፊት እሄዳለሁ፤ የተኛበት ይቆፈራል።

«ባይተኛስ?» አልኩ።

«የትም ካልተኛ ውሃ የለም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የተፈጥሮ ነው። ተኝቶ፣ ሕዝቡ ቆፍሮ፣ ውሃ ከታጣ ግን የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።» ዮዮውን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል ምን እንደሚያስከትል ለኖረበት ሰው አይነገርም። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። ማምለጫው ግልጽ ነው፤ ዮዮው የትም መተኛት የለበትም። በለቀቅኩት ቁጥር እየተመለሰ፣ ውሃ የትም የለም ተብሎ፣ እኔም ወደ ሽማግሌዎቼ፣ ሕዝቡም ወደ ቤቱ። እንዲመለስ ደግሞ ወገቡ ሳይንቀረፈፍ መዞር አለበት። ትራክተር ነጂ በሕይወቱ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ የሚንጫረር ነገር ግራሶ፣ የማይዞር ነገር ግራሶ፣ የከፋው ነገር ግራሶ። ከቆመችው ትራክተሬ ሥር ገባሁና ጣቴን ሞልቼ ወፍራም ግራሶ ዛቅሁ፤ የዮዮውንም ወገብ ግራና ቀኙን ጥሩ አድርጌ አጠጣሁት።

ዮዮ ግን ትራክተር አይደለም። የሚመለሰው ክሩ ወገቡን ጭምቅ አድርጎ ስለሚይዘው ነው። ግራሶ የጠጣ ዮዮ ክር አይዘውም፤ ያንሸራትተዋል፤ ወርዶ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ይኼን ማን ነግሮኝ!

ቅዳሜ ማለዳ ግራሶው በወገቡ ዳርና ዳር እንደ ረጋ ነበርና ክሩን አልነካም። ሕዝቡ ተሰልፏል፤ ዶማው፣ አካፋው፣ መፈክሩ። ባሻ ወርቅነህ ከቀኜ፣ ሊቀመንበሩ ከግራዬ። ገበያው መሃል ለቀቅሁት፤ ተመለሰ። ሕዝቡ «እህ!» አለ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ለቀቅሁት፤ ተመለሰ። መቼም እንደዚያ ቀን አድርጎ እጄ ላይ ተመልሶልኝ አያውቅም። ሕዝቡ ፊቱ እየጠቆረ፣ የእኔ እየበራ ሄደ። ፀሐይዋ ግን እየበረታች ነው፤ ግራሶውም በኪሴ ውስጥ ቀስ እያለ ይቀልጣል፤ እኔ የማውቀው የለም።

«የአቶ ደምሌ ግቢ ይቀራል» አለ ሊቀመንበሩ።

አቶ ደምሌ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀበሉን። በማግስቱ ሽማግሌ እንደሚመጣባቸው ያውቃሉ፤ የማን ሽማግሌ እንደሆነም ያውቃሉ። እናኑ ከአህዮቹ መጠለያ አጠገብ ቆማለች። እንግዲህ የወደፊት አማት ቆሞ እያየ ማን ዝም ብሎ ይለቃል? እጄን ከፍ አድርጌ፣ ወገቤን ሰበቅ አድርጌ፣ በሕይወቴ አምሮልኝ የማያውቀውን አለቃቀቅ ከመጠለያው ፊት ለፊት፣ ከገለባው ክምር ዳር ለቀቅሁት።

ወረደ። ጎተት አደረግሁት። ተኛ።

ደግሜ ጎተትሁ። በምቾት ይሽከረከራል።

«ተኛ!» ብለው ጮኹ ባሻ። ሕዝቡ በእልልታ አገሩን አናወጠው። ሊቀመንበሩ «ውሃ ለሰፊው ሕዝብ!» አለና ዶማዎች ወደ ላይ ተነሡ።

አቶ ደምሌን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ይነክሳሉ። ባሻም ወዲያው እንደ ነቁ ሰው ዙሪያውን አዩና ጆሮዬ ሥር ገቡ።

«አንሣው! ባክህ አንሣው! ከዚህ ገለባ ሥር የደምሌ ማሽላ ነው። ጉድጓዱን የቆፈርሁት እኔ ነኝ!»

ለመንግሥት ከሚሰጠው ኮታ የቀረ እህል ደብቆ የተገኘ ሰው ያን ጊዜ የሚሄደው ወደ እስር ቤት ነው። እኔ በገዛ እጄ፣ በሽማግሌዎቼ ዋዜማ፣ አማቴን ላሳስር ነው። ክሩን ጎተትሁ፤ አነቃነቅሁ፤ በሆዴ ጊዮርጊስን ለመንሁ። ዮዮው እንደ ጠገበ ድመት እያንኮራፋ ይሽከረከራል። ለጊዮርጊስም ቢሆን ግራሶ ግራሶ ነው።

ያን ጊዜ እናኑ ወደ ፊት መጣች። እንደ ዋዛ፣ ጮክ ብላ፣ «ባሻ» አለች፤ «ውሃ ራስና ጭራ አለው ሲሉ አልነበር? ይኼ ጭራው እንዳይሆን?»

ባሻ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይናቸውን አርገበገቡ። «አለው እንጂ ልጄ! ጭራው ከተነካማ ውሃ ይሸሻል። ሱዳን ይገባል!»

ሊቀመንበሩ ደነገጠ። ውሃ ድንበር አቋርጦ ቢኮበልል ማን ይጠየቃል? «ራሱ የት ነው ታዲያ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። ሕዝቡም ዞረ። አቶ ደምሌም በዚያ አመድ ፊታቸው አዩኝ።

ዓይኔን ጨፈንሁ። በአንድ እጄ ዮዮውን እንደ ያዝሁ ሌላውን ዘረጋሁና በቆምኩበት ዞርሁ። ስገልጥ ጣቴ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ይጠቁማል።

«ቀበሌው ሥር!» አለ ሊቀመንበሩ። «የነቃ ውሃ ነው!»

ሕዝቡ ተግተልትሎ ወጣ። አቶ ደምሌ እዚያው ገለባቸው ላይ ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቼ ሄዱ። ወጉ ነውና አልተቀመጡም፤ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አቶ ደምሌ ትውልዴን አልጠየቁም፤ ሀብቴንም አልጠየቁም። ትራክተሬ መቼ እንደምትነሣ እንኳ አልጠየቁም። ሸኽ ኢድሪስ እንደነገሩኝ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ያ ነገር አሁንም በእጁ ነው?»

«በእጁ ነው» አሉ ባሻ።

አቶ ደምሌ ተነፈሱ። «የተቀበረ የሚያይ ሰው የሌላ ሰው አማች ከሚሆንስ የእኔ ይሁን። ልጄን ሰጥቻለሁ። ማጫ አልፈልግም፤ ያንን ነገር ብቻ ያምጣልኝ።»

ሰጠሁ። ማንም ሰው ለማጫ የሰጠው ነገር እንደዚያ ቅልል ብሎት አያውቅም።

የቀበሌው ጉድጓድ ደግሞ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ሊቀመንበሩ እኔን ባየ ቁጥር «አሻጥር» የምትለዋን ቃል በአፉ ያላምጣት ጀመር፤ እኔም በሠርጌ ቀን እንኳ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሙሽራዬን ትቼ የኋላውን አጥር እለካ ነበር። ያዳነኝ ሌላ መለዋወጫ ነው። የጎንደሮቹ ጓዶች መኪና ሸሕዲ ላይ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ሲጠብቁ ክረምት ገባ። ዋልካ አፈር የያዘውን አይለቅም፤ ጉድጓዱ በዝናብ ጢም ብሎ ሞላ። ጓዶቹ ሲደርሱ ሊቀመንበሩ በኩራት አሳያቸው፤ አጨበጨቡ። እንቁራሪቶቹም መልስ ሰጡ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

በዚህ የተዘጋ መስሎኝ ነበር።

አማቴ ለካ ከባሻም ብሰው አምነዋል። ማታ ማታ ክሩን ጣታቸው ላይ አስገብተው በማሽላቸው ጉድጓድ ላይ ይለቁታል። ግራሶውን ጠጥቷልና ይተኛል። ፊታቸው አመድ ይመስላል። «ታወቀ!» ይላሉ። ጎህ ሲቀድ እኔና እሳቸው ተነሥተን አዲስ ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ማሽላውን በጆንያ እናጋዛለን፤ የድሮውን እንደፍናለን። በሳምንቱ አዲሱ ላይ ይለቁታል። እዚያም ይተኛል። ደግሞ እንቆፍራለን። ግቢው የፍልፈል አገር መሰለ። መለዋወጫው በመጨረሻ ከመርከብ ወርዶ መጣ፤ የሌላ ትራክተር ሆኖ ተገኘ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ለማረስ ጊዜው ከየት ይመጣል?

«እውነቱን ንገረው» አለችኝ እናኑ፣ ወገቤን በቅባት እያሸችኝ።

«ምን ብዬ? ልጅዎን የሰጡት ለመጫወቻ ነው ብዬ?»

«እንግዲያው መቃብርህም እዚሁ ግቢ ይሆናል፤ እንደለመድኸው ራስህ ትቆፍረዋለህ» አለች።

እውነቷን ነው፤ ከዚያ በላይ ወገቤ አይችልም። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆርጬ ልነግራቸው ወጣሁ። አማቴ ከአጥሩ ጥግ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። ምላሳቸውን ትንሽ ወጣ አድርገው፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ዮዮውን ለቀቁት። ወረደ። ጎተት አደረጉት። ቀጥ ብሎ ወጣና መዳፋቸው ላይ ገባ።

ዞር ስል እናኑ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጆቿ እስከ ክንዷ አመድ ናቸው። ለካ ዮዮውን ማለዳ ሰርቃ፣ ግራሶውን በአመድ አሽታ አውልቃለት ኖሯል። ይመለስና አባቷ ይረፉ ብላ።

አማቴ ዘወር አሉ። እንደዚያ ያለ ፊት በትልቅ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም፤ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የእኔም ፊት እንደዚያ ነበር መሰለኝ።

«ተመለሰ!» አሉ። «ልጄ፣ አየኸው? ተመለሰ!»

«ልጄ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። እናትና አባቴ ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ልናገር የመጣሁትን ሁሉ ተውሁት።

«ይኼ ነው እንግዲህ የማይታወቀው ቦታ» አሉ፣ በእግራቸው መሬቱን እየረገጡ፤ «ዶማውን አምጣ።»

አመጣሁ።